ከዝማራክ ጠመንጃ ያልወጣው ስባሪ

ልጆቼ፣ ይሄን የከፈታችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የሆነ ነገር ነው። እኔው ቤት፣ እኔው ዓይን ፊት የሆነ። አላምንም ለሚል ሰው ቅያሜ የለኝም። እኔም ባላየው ኖሮ አላምንም ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር በጨለማ ነው የሚመጣው ትሉኝ ይሆናል። ቢሆንማ መልካም ነበር። ሲጨልም በር ይዘጋል፣ ፋኖስ ይበራል፣ ቤተሰብ ይሰበሰባል።

የእኛ የመጣው በቀትር ነው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ... ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ መብራት ጠፍቶ፣ የመንደራችን የዳራ ሞተር ሁሉ ዝም ሲል።

የዳራን ዝምታ ላልሰማው ሰው ማስረዳት ይከብዳል። እዚህ ሸለቆ ውስጥ ከማለዳ ጀምሮ ብረት ይሞረዳል፣ ብረት ይበሳል፣ ብረት ይቀጠቀጣል። ተሠርቶ ያለቀው ጠመንጃ ወደ ተራራው ይተኮስና ይሞከራል። የእኛን አራስ ተኩስ አይቀሰቅሰውም። የሚነቃው ድምፁ ሲቆም ነው።

እኔም ልጄ መሞቱን ያወቅኩት ድምፅ ሲቆም ነው።

...

ባሌ ቶርጉል ጠመንጃ ሠሪ ነው። አባቱም እንደዚያው ነበሩ። ሱቅ የለንም። ግቢያችን ውስጥ፣ ከሾላው ዛፍ ሥር፣ ብረት ቀርቅሮ የሚይዝ ሞርሳ የተተከለበት አንድ ጠረጴዛና የሣር ጥላ አለች። ወንዶቹ ብረቱን ይሠራሉ፣ እኔ እንጨቱን። ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ ዘይት አጠጥቼ፣ ፊት እስኪያሳይ የማሸው እኔ ነኝ።

ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩኝ።

ትልቁ ዝማራክ ነው። ወሬኛ፣ ቀልደኛ፣ ምግብ ሳይቀርብ እጁን የሚያስገባ። ታናሹ ናንግያል ደግሞ ዝምተኛ ነው፤ ወንድሙ ሲያወራ እሱ ይስቃል።

ዝማራክ አንድ ጠመንጃ ለራሱ መሥራት ጀምሮ ነበር። «የሰው ግድግዳ ስናስጌጥ ኖረን የእኛ ባዶውን ቀረ» ይል ነበር። ሰደፉን እኔ ጨርሼለታለሁ። የቀረው ከቃታው በላይ አንድ ቀዳዳ መብሳት ነው። የጣት አንጓ ያህል የምትገባ፣ ወዲያ ማዶ የማትወጣ፣ የቃታውን ችንካር የምትይዝ ቀዳዳ። እሷ ከሌለች ቃታው አይሳብም።

ያን ቀን መብራት ጠፋ። ዝማራክ በእጅ የሚዞረውን መብሻ ይዞ ዛፉ ሥር ቁጭ አለ።

ክር... ክር... ክር...

እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እንጨቴን አሻለሁ። ድምፁ ደስ ይላል። ልጅ ቤት አለ ማለት ነው።

ከዚያ ቀጭ አለ።

«አዴ፣ ሰማሽ?» አለኝ። እኛ እናትን አዴ ነው የምንለው። «የቶርጉል ፑንታ እንደ ቶርጉል ነው። ትንሽ ከነካካሽው ቀጭ ይላል።»

ሳቅኩ። ፑንታው፣ የመብሻው የብረት ጥርስ፣ ተሰብሮ ግማሹ ቀዳዳው ውስጥ ቀርቷል። ግማሹን ልጄ በቀኝ እጁ ይዞታል።

በዚህ መሀል ከውጭ በር ሰው ተጣራ።

«ዝማራክ... ና እስቲ አንዴ።»

ድምፁን አውቀዋለሁ። ጀንዳድ ነው፣ የባሌ የአጎት ልጅ፣ ግድግዳ የሚለየን ጎረቤታችን። የአጎት ልጅ ማለት እኛ ዘንድ አብሮህ የሚበላ፣ መሬትህንም የሚለካ ሰው ነው። በአንዲት የውኃ ቦይ ዳር ባለች ቁራጭ መሬት ከአያቶቻቸው ጀምሮ ይነታረካሉ። ንትርክ ግን ደም አይደለም ብለን እንኖር ነበር።

«መጣሁ» አለ ልጄ። «ይቺን ላውጣና መጣሁ።»

ትንሽ ታገለ። አልወጣለትም።

«ዝማራክ... ና እንጂ።»

የእግሩን ኮቴ ሰማሁ። በሩ ተከፈተ።

አንድ ተኩስ ተሰማ።

ቀና አላልኩም፣ ልጆቼ። ዳራ ውስጥ ተኩስ ሰምቶ ቀና የሚል እንግዳ ሰው ብቻ ነው። እኔ የምጠብቀው ክር... ክር... የሚለውን ነበር።

እሱ ግን አልመጣም።

እንጨቱን አስቀምጬ ዞርኩ። መቀመጫው ባዶ ነው። ያኔ ገባኝ።

...

እንደዚያ በግፍ የተገደለ ሰው እኛ አገር አይታጠብም። በለበሰው ልብስ፣ ከነደሙ ነው የሚቀበረው። ስለዚህ ማንም ገላውን አልነካውም።

ማንም የታጠፉ ጣቶቹን አልዘረጋለትም።

ስስመው ቀኝ እጁ እንደተጨበጠ ነበር። በጣቶቹ መሀል ብረት ብልጭ ሲል አየሁ። ግማሹ ፑንታ ነው። የያዘውን ይያዝ ብዬ በከፈኑ ሸፈንኩት።

መቃብራችን ነጭ ጠጠር የተቀላቀለበት አፈር ነው። ለማሰናበቻ አንድ እፍኝ ይዤ ነበር። ሽታው እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም።

...

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። በእኛና በጀንዳድ ግቢ መካከል ድንጋይ አኖሩ። ድንጋዩ እዚያ እስካለ ድረስ ማንም በማንም ላይ ቃታ አይስብም። ስንዴ ተወቅቶ ሲገባ ግን ይነሳል ተባለ። ከዚያ በኋላ ደም ያለበት ደሙን ይመልስ፣ መታረቅ የፈለገም ይታረቅ።

ጀንዳድ እዚያው ሽማግሌ ፊት ቁጭ ብሎ ምን አለ መሰላችሁ? የቶርጉል ልጅ ለሰው ሲሠራ ኖሮ የራሱን እንኳ ሳይጨርስ ሄደ፣ አለ። ሰዎች ሳቁ። በትንሹ ነው የሳቁት። ግን ሳቁ።

ባሌ ብድግ አለ። ድንጋዩ ላይ እጁን ጭኖ ማለ።

«የዝማራክ ደም በዝማራክ ጠመንጃ ነው የሚመለሰው። በሌላ ብመልሰው ወንድ ነኝ ብዬ ከመሀላችሁ አልቀመጥም።»

ቤታችን ጠመንጃ ሞልቶታል፣ ልጆቼ። ግድግዳው ላይ አለ፣ አልጋው ሥር አለ። እሱ ግን በዚያ በአንዱ ማለ። ድንጋይ ላይ የተማለ መሐላ ደግሞ አይመለስም።

የባሌ ዓይን ደክሟል። ተኳሹ ማን እንደሚሆን ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም።

ናንግያል።

ጀንዳድ ወንድሞች አሉት፣ ልጆች አሉት። ናንግያል አንዱን ቢጥል እሱን የሚጥለው ቀጥሎ ይመጣል። ያቺ ጠመንጃ የሠራች ቀን ሁለተኛ ልጄን መቅበር እንደምጀምር እኔ አውቄዋለሁ።

...

ባሌ ከሽምግልናው እንደገባ ጠመንጃውን አወረደ። አገላበጠውና እጁ ቆመ።

ስባሪው እዚያው ነው። ከቀዳዳው አፍ ጋር እኩል ሆኖ ተቀርቅሯል። ጥፍር የሚይዘው ጫፍ እንኳ የለውም።

«ይቺማ ምን አላት» አለ። «የግማሽ ቀን ሥራ ናት።»

እውነቱን ነው። ፑንታ መሰበር ለእኛ መርፌ እንደ መሰበር ነው። ስንቱን አውጥቷል።

ነጭ ጋዝ አጠጥቶ አሳደረው። በእሳት አሞቀው። በቀጭን ብረት ዙሪያውን መታ መታ አደረገው። አልነቃነቅ አለ። በሌላ ፑንታ ሊፈለፍለው ሞከረ፣ ያም ተሰበረ። ሌላ ገዝቶ መጣ። እሱም ተሰበረ... ግን ድምፅ አልነበረውም። ቀጭ እንኳ አላለም።

ባሌ የተሰበረውን ፑንታ እጁ ላይ ይዞ ብዙ አየው።

«ምነው?» አልኩት።

«ምንም። ብረቱ ከሯል።»

በማግሥቱ በቀትር ዛፉ ሥር ልጠርግ ሄድኩ። ባሌ ለሶላት ወጥቷል። ጠመንጃው ሞርሳው ላይ እንደታሰረ ጥላ ውስጥ ነው። እንዳልነካው ብዬ ገፋ ሳደርገው ጣቴ ስባሪው ላይ አረፈ።

ፋጀኝ።

ዙሪያውን ዳሰስኩት። ሌላው ብረት ቀዝቃዛ ነው። ስባሪው ግን... ሰው ሲበሳበት ውሎ ገና አሁን እንዳወጣው ፑንታ ያቃጥላል።

ለባሌ አልነገርኩትም።

ከዚያ አንድ ጠዋት ተሳካለት። ስባሪው ዞረ። ትንሽ ነው፣ የስንዴ ቅንጣት ታህል። ግን ዞረ። የደረሰበትን እንዲያውቅ ስባሪው ላይ በመርፌ ጭረት አደረገበት። ፊቱ በርቶ ነበር። እጁን ታጥቦ ወደ መስጊድ ሄደ።

እኔ እንጨቴን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። መብራት የለም። ሸለቆው ዝም ብሏል።

ክር...

ቀና አልኩ። ሞርሳው ጋ ማንም የለም። መብሻው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

ክር...

ባሌ ተመልሶ ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ማነው የነካው?»

«ማንም።»

«መልሶታል።»

«ማን?»

በጣቱ አመለከተኝ። ጭረቱ ከነበረበት አልፎ ሄዷል። ከድሮውም ይልቅ ጠብቋል።

እንዲህ ሆነን ከረምን። ባሌ ጠዋት ያላላል፣ ቀትር ላይ ይጠብቃል። በአንድ ብረት ላይ ሁለት ሠራተኛ... አንዱ በዚህ በኩል፣ አንዱ በወዲያ በኩል።

ባሌ ከሳ። ከብረቱ ጋር ሲነጋገር እሰማዋለሁ። አንዳንዴ ይለማመጠዋል፣ አንዳንዴ ይሰድበዋል። እኔ ግን፣ አልዋሻችሁም፣ ውስጤ ደስ ይለው ነበር። ስንዴው ቢጫ ሆኗል። ስባሪው ግን እንዳለ ነው።

ቀትር ሲሆን ከዛፉ ሥር ተነስቼ መሄድ ጀመርኩ። ልጄ ሥራውን ይሥራ ብዬ።

አንድ ቀን ግን አልቻልኩም። ጠጋ አልኩና አፌን ወደ ብረቱ አስጠጋሁ።

«ዝማራክ... አንተ ነህ?»

ጉንጬን ብረቱ ላይ አስደገፍኩ።

«አንተ ከሆንክ እንዳትለቀው፣ ልጄ። እንዳትለቀው።»

ብረቱ በጉንጬ ሞቀ። በጣም በቀስታ፣ እንደ ትንፋሽ...

ክር።

...

ስንዴው ተወቃ። ነገ ድንጋዩ ይነሳል ተባለ።

ያን ጠዋት ባሌ ሞርሳው ፊት ተቀምጦ እጁን ብረቱ ላይ ጥሎ ነበር። መሥራቱንም ትቷል። ናንግያል ከገበያ መጣ። ገበያ ውስጥ ምን እንዳሉት አልነገረንም፣ ፊቱ ግን ይነግራል። ሻይ ቤት ሲገባ ወሬ ይቆማል። አንዱ ቀልደኛ ነኝ ባይ፣ ሻይህን ቀዝቃዛ ነው የምትወደው አሉ፣ ብሎታል። የወንድምህን ደም ሳትመልስ አቀዘቀዝከው ማለቱ እንደሆነ በኋላ ሰማሁ።

«አባቴ፣ እኔ ልሞክር» አለ።

ባሌ ተነሳለት። ዓይኑን ጠርጎ ወደ ቦዩ ሄደ፣ ፊቱን ሊታጠብ።

እኔ ከእንጨት ክምሩ ጀርባ ነኝ። ናንግያል አላየኝም። ፀሐይ አናት ላይ ደርሳለች። መብራት ጠፋ፣ ሞተሮቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ።

ልጄ ብረቱ ላይ ጎንበስ አለ። መሣሪያ አላነሳም።

«ወንድሜ» አለ በሹክሹክታ። «ይበቃል። ሰው ፊት መቀመጥ አቃተኝ። ልቀቀው።»

ጆሮውን ያቆመ ይመስላል።

«አውቃለሁ» አለ ደግሞ። «አውቃለሁ። ግን ልቀቀው።»

ምን ተብሎ ነው አውቃለሁ ያለው? እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ከዚያ እጁን ዘረጋ። ጫፍ ያልነበረው ስባሪ አሁን ጫፍ አለው። የጥፍር ያህል ወጣ ብሏል። በጣቶቹ ይዞ ሳበው።

ወጣ... ወጣ... ወጣ።

ቀዳዳው የጣት አንጓ ያህል ነው ብያችኋለሁ። የወጣው ግን የመዳፍ ሙሉ ርዝመት አለው።

ሙሉ ፑንታ ነው፣ ልጆቼ። ሁለቱም ግማሽ። የተሰበረበት ቦታ ምልክቱ እንኳ የለም። በጠመዝማዛው ውስጥ አፈር ተጣብቆበታል። እርጥብ አፈር፣ ነጭ ጠጠር ያለበት።

እኔ ያን አፈር አውቀዋለሁ። በእጄ ይዤዋለሁ።

ባሌ ከቦዩ እየሮጠ መጣ። ፂሙ ውኃ ያንጠባጥባል። ፑንታውን አላየም። አፈሩን አላየም። ያየው ባዶውን ቀዳዳ ነው።

«ወጣ» አለ። ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆነ። «ወጣ።»

ናንግያል ግን እጁን እያየ ነው።

«ቀዝቃዛ ነው» አለ።

ከክምሩ ጀርባ ስወጣ አየኝና «አዴ...» አለኝ። «እጄ።»

ጣቶቹ ፑንታው ላይ እየታጠፉ ነበር። እሱ አይደለም የሚያጥፋቸው። ሌላ ሰው፣ በቀስታ፣ አንድ በአንድ እንደሚያጥፍለት። መጨረሻ አውራ ጣቱ መጣና ከላይ ተኛ። እጁ ተዘጋ።

የቀኝ እጁ። ቃታ የሚስበው።

ባሌ በዘይት ሞከረ። በሙቅ ውኃ ሞከረ። በስተመጨረሻ በፒንሳ እጀታ ሊፈለቅቀው ሲል ጮኼ ተንጠለጠልኩበት።

ድንጋዩ በማግሥቱ ተነሳ። ጠመንጃው ተገጣጠመ። ቃታው እንደ አዲስ ይሠራል። የሚስበው ግን የለም።

...

ፔሻዋር ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ራጅ ተነሳ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየ።

«ምን ይዟል አላችሁኝ?»

«ብረት» አልኩ።

«እዚህ ላይ ብረት የለም፣ እናቴ። ባዶ እጅ ነው።»

አጥንቱ ደህና ነው፣ ጅማቱ ደህና ነው አለን። ለምን እንደማይከፈት አላውቅም አለ። አመስግነን ወጣን። መኪና ውስጥ ናንግያል ጨብጦ የያዘውን ወደ ጆሮዬ አስጠጋው። ነቅነቅ አደረገው። ብረቱ ከጥፍሩ ጋር ሲጋጭ ሰማሁት።

ዓመታት አለፉ። ምን ዓይነት ዓመታት እንደነበሩ ልነግራችሁ አልችልም።

ባሌ ከሰው መሀል መቀመጥ ተወ። እንደ መሐላው ነው። ከእኛም ጋር አይበላም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ወደዚያ ጠመንጃ አዙሮ ይበላል። ለናንግያል ያለው ቃል አንድ ብቻ ነበር፣ እሱንም በእኔ በኩል ነው የሚልከው። «ያን ሰውዬ ከዛፉ ሥር እንዲነሳ በይው።»

ገበያው ደግሞ አፉን ከፈተ። የወንድሙን ደም እጁ ውስጥ ደብቆ ይዞራል አሉ። ልንድረው የጠየቅናት ልጅ አባት፣ ልጄን የሚመታበት እጅ እንጂ የሚያበላበት እጅ የለውም ብሎ መለሰን። ሰው ሳቀ። ናንግያልም አብሮ ሳቀ። ማታ ማልቀሱን እኔ አውቃለሁ።

ግን በሕይወት አለ። በግራው ይበላል፣ በግራው ይሞርዳል፣ ግን ይበላል፣ ይሞርዳል። እኔ በዚያ አመሰግን ነበር።

ጀንዳድ በኩላሊት ታሞ አልጋው ላይ ሞተ። ቀብሩን ከግድግዳው ወዲህ ሆነን ሰማን። ባሌ ያን ቀን እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ለጀንዳድ አይደለም። በጥይት ሳይሆን በአልጋ ስለሄደበት ነው።

...

ባለፈው ክረምት ማለቂያ ስፒንጉል ከካራቺ መጣ። የባሌ የወንድሙ ልጅ ነው። ሰውነቱ ወፈር ያለ፣ ሽቶ የሚቀባ፣ ደረቱን ነፍቶ የሚራመድ ነው። ባሌን ካካ ይለዋል፣ አጎቴ ማለቱ ነው።

ከባሌ ጋር ሻይ ያዙ። ጀንዳድ ቢሞት ልጁ አለ፣ ደም በልጅ ይመለሳል፣ አለ። ባሌ ይሰማል። ናንግያል ጓዳ ተኝቷል፣ ቀትር ነው።

«ጠመንጃውማ ምን አጠፋ፣ ካካ?» አለ ስፒንጉል። «የጠፋው እጅ ነው። እጅ ደግሞ ይኸው።»

ባሌ ብዙ አሰበ። ከዚያ ተነስቶ ጠመንጃውን ከግድግዳው አወረደ። በፎጣው ጠርጎ ሰጠው።

መብራት ጠፋ። ሞተሮቹ ዝም አሉ።

ስፒንጉል አገላበጠው። ቃታውን ሳበ። አልተሳበም። ደግሞ ሳበ።

«ካካ... እዚህ የተቀረቀረው ምንድን ነው?»

ባሌ አላየውም፣ ዓይኑ ጠፍቷል። በጣቱ ዳሰሰው። ጣቱን መንጭቆ መለሰ፣ እንደ ተቃጠለ ሰው።

እኔ ጠጋ ብዬ አየሁ።

ስባሪው ነው። እዚያው ቦታ። ከቀዳዳው አፍ ጋር እኩል ሆኖ ተቀርቅሯል። መርፌዋ ያደረገችው ጭረት ሳይቀር አለችበት።

«አዴ።»

ዞርን። ናንግያል ከጓዳው በር ቆሟል። ገና እንቅልፉ ከፊቱ አልወረደም። ቀኝ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶታል።

እጁ ክፍት ነው።

መዳፉ ነጭ፣ ስስ፣ የአራስ መዳፍ ይመስላል። መሀሉ ላይ ግማሽ ፑንታ አለ። ግማሽ ብቻ።

እኔ ከጠመንጃው ወደ እጁ፣ ከእጁ ወደ ጠመንጃው አያለሁ። ስፒንጉል ጠመንጃውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው። ወደ ኋላው ተንፏቀቀ።

ባሌ ግን ጠመንጃውን ረስቶታል። ልጁ ወዳለበት አንገቱን አዘንብሎ እጁን በእጁ ፈለገው። አገኘው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ቆጠራቸው፣ የሌባ ጣቱን ደጋግሞ አጠፈና ዘረጋው።

«ተከፈተ» አለ። ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆነ። «እጁ ተከፈተ።»

ያን ፊት አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ጠመንጃ በቤቱ ሞልቷል። ጀንዳድ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ያን መሐላ ማን ያስታውሳል?

በዚህ መሀል ከውጭ በር ሰው ተጣራ።

«ናንግያል... ና እስቲ አንዴ።»

ሁላችንም ሰምተናል፣ ልጆቼ። እኔ ብቻ አይደለሁም። ስፒንጉል እንኳ ሻዩን ደፍቷል።

ድምፁን አውቀዋለሁ። ጀንዳድ ነው። ቀብሩን ሰምተን የነበረ ጀንዳድ።

«ናንግያል... ና እንጂ።»

ልጄ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። አፉ ተከፈተ።

«መጣ...»

ዘልዬ በአንድ እጄ አፉን ያዝኩት። ሌላውን እጄን ክፍት መዳፉ ውስጥ ከተትኩት። ብረቱ በሁለታችን መዳፍ መሀል ሆነ። ከመቃብር እንደ ወጣ ድንጋይ ይቀዘቅዛል።

ጣቶቹ እጄ ላይ ታጠፉ። አንድ በአንድ።

እንደዚያ ሆነን ቆምን። በሩ ጋ ማንም አልሄደም። ምንጣፉ ላይ ካለው ጠመንጃ ድምፅ ይመጣል።

ክር... ክር... ክር...

የሶላት ጥሪ ሲሰማ ሁሉም ዝም አለ። የልጄ ጣቶች ለቀቁኝ። እጄን አየሁ፣ እጁን አየሁ። ብረት የለም። መዳፌ ላይ የነጭ ጠጠር አፈር ብቻ።

ስፒንጉል የጫማውን ክር ሳያስር ነው ወደ ካራቺ የተመለሰው።

...

ይሄው ነው፣ ልጆቼ። ጠመንጃው ተመልሶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ቀዳዳው ዝግ ነው።

የናንግያል እጅ ደህና ነው። ሰው ፊት ግን ጨብጦት ነው የሚሄደው። እኔ ነኝ ያልኩት። ይሳቁብህ፣ የሚስቁበት ሰው አይገደልም፣ አልኩት። ስሙን ሲጠሩትም አይመልስም። እሱንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ደንቆሮ ሆነ ይሉታል።

ባሌ እጁ መከፈቱን ያውቃል። እስካሁን ዝም ብሏል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ መብላቱን ትቶ ግን አሁን ወደ ልጁ አዙሮ ነው የሚበላው። ሲያኝክ ይሰማዋል። ምን እንደሚያስብ አልጠየቅኩትም።

እኔ ቀትር ሳይደርስ ቤቱን እጠርጋለሁ። ምንጣፉን አራግፌ፣ ወለሉን ውኃ ረጭቼ፣ በሩን ዘግቼ ወደ ዛፉ ሥር እወጣለሁ።

ዛሬም እንደዚያው አደረግኩ። ሞተሮቹ ዝም አሉ። ሰው ከበር ተጣራ፣ ማንም አልመለሰም።

የሶላቱ ጥሪ ሲያልፍ ገባሁ። ከጠመንጃው ሥር፣ ጠርጌ በሄድኩት ወለል ላይ፣ አንድ የብረት ፍቅፋቂ ወድቋል። ቀጭን፣ እንደ ሕፃን ፀጉር የተጠቀለለ፣ የሚያብረቀርቅ።

ጎንበስ ብዬ አነሳሁት።

ገና ትኩስ ነው።